አርባዎቹ ምንጮች የማን ናቸው?

አርባ ምንጭ ከተማ፣ ሴቻ በሚባለው ላይኛው ሰፈር፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ካሉት ካፌዎች በአንዱ ቁጭ ብላችሁ ቡና ስታዙ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሐይቆቹ ነው። በግራ አባያ፣ ሻይ በወተት የመሰለው። በቀኝ ጫሞ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው። በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት። እዚህ ቆሞ ፎቶ ሳያነሳ የሚሄድ እንግዳ የለም።

ሐይቆቹን አይታችሁ ስትጨርሱ ግን ቁልቁል ወደ እግራችሁ ስር ተመልከቱ። ገደሉ ግርጌ ላይ ድፍን ያለ አረንጓዴ ተኝቷል። በጥርና በየካቲት፣ ዙሪያው ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ደርቆ ቡኒ ሲሆን፣ እሱ ቀለሙ አይለወጥም። አብዛኛው ሰው "ጫካው" ብሎ ያልፈዋል። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ጫካ ነው። በእሱ በኩል ደግሞ ስለ አንድ ሰፋ ያለ ጥያቄ፦ ትንሽ ከተማ በጉያዋ ያለውን ተፈጥሮ እንዴት አድርጋ ትጠብቃለች?

"እንዳይቆረጥ መከልከል ነዋ!" ትሉ ይሆናል። ሰሌዳ ተክሎ፣ ጥበቃ ቀጥሮ፣ በቃ። እንደዚያ ቀላል ቢሆን ኖሮ በየከተሞቻችን ዳር የነበሩት ጫካዎች ዛሬም በቦታቸው ይገኙ ነበር።

ጫካው ውኃ አያመርትም

"ደን ውኃ ይሰጣል" ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። አርባ ምንጭ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ጫካውን የሠራው ውኃው ነው።

ከከተማዋ በስተምዕራብ የጋሞ ደጋ ይነሳል። ዶርዜ፣ ጨንቻ፣ ከዚያም ሽቅብ እስከ ጉጌ ተራራ። እዚያ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በጅረት ይወርዳል፣ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ በአፈሩና በተሰነጣጠቀው አለት ውስጥ ይሰርጋል። የሰረገው ውኃ መሬት ለመሬት ቀስ እያለ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ገደሉ ግርጌ ሲደርስ መውጫ ያገኝና ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። አንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን እዚህም እዚያም። የከተማዋ ስም የመጣው ከዚህ ነው። አርባ ናቸው ወይስ ሠላሳ ዘጠኝ ብሎ የሚከራከር ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

በምንጮቹ ዙሪያ ያለው መሬት ዓመቱን ሙሉ ይረጥባል። ከተማዋ ያለችው ቆላ ውስጥ፣ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን እንዲህ ያለ ጥቅጥቅ ጫካ አያበቅልም። የሾላው ሥር ግን ዝናብ አይጠብቅም፤ ከታች ውኃው ላይ ደርሷል። ተመራማሪዎች "የከርሰ ምድር ውኃ ጫካ" የሚሉት ለዚህ ነው።

ይህን ያስረዘምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ውኃው ጫካውን ከሠራው፣ አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ጫካው ሊሞት ይችላል ማለት ነው። ደጋው ላይ ውኃ የሚያሰርገው መሬት ከተራቆተ፣ ወይም ከታች ምንጩ ከሚችለው በላይ በፓምፕ ከተሳበ፣ የከርሰ ምድር ውኃው ዝቅ ይላል። ትልልቆቹ ዛፎች ለተወሰኑ ዓመታት ይታገሉ ይሆናል። ከታች ያለው ለጋ ችግኝ ግን ወዲያው ነው የሚያልቀው። ስለዚህ የአርባ ምንጭ ጫካ ጥበቃ ግማሹ የሚሠራው ጨንቻ ላይ፣ በአንድ ገበሬ ማሳ እርከን ላይ ነው። ያ ገበሬ ደግሞ የአርባ ምንጭ ከተማ ነዋሪ አይደለም። ከንቲባው አያዘውም።

ታዲያ ጫካው ራሱ ጥቅሙ ምንድን ነው? ክዳን ነው። ምንጭ ማለት መሬት ውስጥ ተሸፍኖ የመጣ ውኃ የሚገለጥበት ቦታ ነው። ለብክለት በጣም የሚጋለጠው በመጨረሻዎቹ ሜትሮች ነው። ከምንጩ በላይ የሽንት ቤት ጉድጓድ ከተቆፈረ፣ በአጠገቡ ከብት ከዋለ፣ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ማሳ ከተጠጋ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ያ ሁሉ ወደ ውኃው ይሄዳል። የውኃ ባለሙያዎች ምንጭ ዙሪያ ክልል ይከለል የሚሉት ለዚህ ነው። አጥር ያጥራሉ፣ ቦይ ይቀይሳሉ። ጫካው ግን ያንን ሥራ በነፃ ሲሠራ ኖሯል። ጥላው መሬቱን ያቀዘቅዛል፣ ሥሩ አፈሩን ይይዛል። ከሁሉም በላይ ቦታውን ይዟል። እሱ ባይኖር ቦታው ላይ ሌላ ነገር ይገባ ነበር።

የከተማዋ የቧንቧ ውኃ በዋናነት የሚመጣው ከእነዚሁ ምንጮች ነው። ካፌው ውስጥ ያዘዛችሁት ቡና የተፈላበት ውኃ ከዚያ ከታች በፓምፕ ተገፍቶ፣ ገደሉን ወጥቶ ነው ሴቻ የደረሰው።

ከዳር ነው የሚያልቀው

ጫካ ሲጨፈጨፍ በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው መጥረቢያ ይዞ የገባ ጭፍራ ነው። ከተማ ዳር ያለ ጫካ እንደዚያ አይጠፋም። እንደ ተበላ ሳሙና ከዳር ከዳሩ ነው የሚያልቀው።

ለምን ከዳር? ዳር ላይ ፀሐይና ነፋስ ስለሚገቡ መሬቱ ይደርቃል። የደረቀ መሬት ላይ የጫካው ልጆች አያድጉም፤ እንደ የወፍ ቆሎ ያለ ከውጭ የመጣ ቁጥቋጦ ግን ይስማማዋል። ከብት የሚገባው ከዳር ነው። ቆሻሻ የሚደፋው ዳር ላይ ነው። እሳት የሚነሳውም ከዚያው ነው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ርዝመቱም ስፋቱም 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ጫካ አለ እንበል። 100 ሄክታር ነው። የዳሩ ጉዳት 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል ብለን እንነሳ። ከአራቱም ጎን 50 ሜትር ሲቀነስ፣ መሃሉ ላይ ያልተነካ 900 በ900 ሜትር፣ ማለትም 81 ሄክታር ይቀራል። መጥፎ አይደለም። አሁን ያንኑ 100 ሄክታር ጎትታችሁ ርዝመቱን 4 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱን 250 ሜትር አድርጉት። መሃሉ 3,900 በ150 ሜትር ይሆናል፤ 58 ሄክታር ተኩል። የቆዳ ስፋቱ ያው 100 ሄክታር ሆኖ ሳለ፣ ቅርጹ ስለተቀየረ ብቻ ከ22 ሄክታር በላይ ተበላ። ቀጥሉና በዚህ ረዥም ጫካ መሃል ለመሃል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጠባብ መንገድ አውጡበት። ሁለት ቀጫጭን ቁራጭ ይሆናል። የእያንዳንዱ መሃል 3,900 በ25 ሜትር ነው። ሁለቱ ተደምረው 20 ሄክታር እንኳ አይሞሉም።

ካርታው ላይ ግን አሁንም "100 ሄክታር ደን" ተብሎ ነው የሚጻፈው። ሪፖርት ሲቀርብም እንደዚያው ይነበባል። በጫካ ውስጥ "ትንሽ አቋራጭ መንገድ" ሊወጣ ነው ሲባል የሚያስፈራኝ መንገዱ የሚወስደው መሬት አይደለም። አዲስ የሚፈጥረው ዳር ነው።

የማገዶው ነገር ደግሞ አለ። ማለዳ ወደ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በሚወስደው መንገድ ብትቆሙ፣ ጀርባቸው በሸክም እንጨት የጎበጠ ሴቶች ታያላችሁ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ይሻገራል። ከጫካው ወጥተው ወደ ታችኛው ሰፈር፣ ወደ ሲቀላ የሚገቡ ናቸው። ሸክሙን ሸጠው የዕለቱን ይገዛሉ። እነሱን "የደን ጠላት" ብሎ መጥራት ቀላል ነው፤ በስብሰባ ላይም ሲባል ይሰማል። ግን እንጨቱን ማን ነው የሚገዛው? ጠላ የምትጠምቀዋ፣ ምግብ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁላችንም። ለማሳያ ያህል፣ በቀን 50 ሰው 30 ኪሎ እንጨት ይዞ ቢወጣ፣ በዓመት 300 ቀን ብንይዝ፣ 4,500 ኩንታል ይሆናል። አንድ ሸክም ምንም አይመስልም፤ ድምሩ ነው የሚያስደነግጠው።

በብዙ ቦታ "ደረቅ እንጨት መልቀም ይፈቀድ" ተብሎ እንደ መካከለኛ መፍትሔ ይቀርባል። ሐሳቡ ደግ ነው። ሁለት ነገር ግን ይረሳል። አንደኛ፣ ወድቆ የሚበሰብሰው እንጨት የጫካው ማዳበሪያ ነው፤ ቆሞ የደረቀው ግንድ ደግሞ የወፍ ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ዛፍ እንዲደርቅ ማድረግ ይቻላል። የአንዱን ሾላ ቅርፊት ክንድ ያህል ከፍታ ላይ ዙሪያውን ልጦ መተው ነው። ምግቡ የሚጓዘው በቅርፊቱ ውስጠኛ ሽፋን በኩል ስለሆነ ወደ ሥሩ መውረድ ያቆማል። ከወራት በኋላ ቅጠሉ ይረግፋል። ከዚያ ባለ መጥረቢያው ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን "ደረቅ" ነው፣ የተፈቀደ ነው። እንደዚህ ቀለበት የታሰረለት ግንድ አንዴ ማየት ከጀመራችሁ በየቦታው ታያላችሁ።

ሾላ ደግሞ እንደ ማንኛውም ዛፍ አይደለም። የተለያዩ ዛፎች በተለያየ ጊዜ ስለሚያፈሩ ሌላው ፍሬ በጠፋበት ወር እንኳ አንዱ ሾላ ሳያፈራ አይቀርም። ጦጣው፣ ዝንጀሮው፣ ወፉ፣ የሌሊት ወፉ በእሱ ነው የሚከርሙት። እነሱም በተራቸው ዘሩን ይበትናሉ። አንድ ትልቅ ሾላ ሲወድቅ እንደ አንድ ዛፍ ቆጥራችሁ አትለፉት።

ከሌላው ጎን ደግሞ ሙዝ አለ። የአርባ ምንጭ ሙዝ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የታወቀ ነው። ውኃና ለም መሬት ይወዳል፤ ጫካው የቆመበትን ዓይነት መሬት ማለት ነው። ማሳው ወደ ጫካው ሲጠጋ ዝንጀሮው ወደ ማሳው ይጠጋል። ገበሬው ያማርራል፤ እውነቱን ነው። ዝንጀሮውም የሚመጣው በጥጋብ አይደለም። አንዳንዱ ጎብኚ ደግሞ ለጦጣ ዳቦና ኩኪስ ሲወረውር ደስ ይለዋል። ያቺ ጦጣ ነገ የሰው ኩሽና ገብታ ድስት ስትከፍት ድንጋይ የሚወረወርባት በእሱ ጦስ ነው።

ጨረቃ ቤቱንስ ማን ይረሳል? ማታ ቆርቆሮ ይዞ መጥቶ ጠዋት ቤት ሆኖ የሚገኘውን። አንዱ ቤት ብቻውን ምንም አይደለም። ቀጥሎ ግን መብራት ይሳባል፣ ቀጥሎ መንገድ ይጠየቃል፣ ቀጥሎ ደላላ "ካርታ ይወጣለታል" ይላል።

ሁሉም ያገባዋል

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ጫካው የማነው?

የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ምንጮቹና ጫካው የሚገኙት በፓርኩ በኩል ነው፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ከከተማዋ ደጃፍ ነው ያለው። ፓርኩን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ የፌዴራል መሥሪያ ቤት። ስካውት የሚባሉት የፓርኩ ጠባቂዎች የእሱ ሠራተኞች ናቸው። ከተማው ግን የማዘጋጃ ቤቱ ነው። የቧንቧው ውኃ የውኃ አገልግሎቱ ነው። ደጋው የገጠር ወረዳዎች ነው። ጥናቱ የዩኒቨርሲቲው ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1986 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ነው የተጀመረው፤ ስለዚህ ስለ ውኃ የሚያውቅ ሰው ከተማዋ አልጎደላትም።

የጎደላት ሌላ ነገር ነው። ዛፍ ሲቆረጥ ስካውቱ ይጠየቃል። ስካውቱ ሴቶቹን ሲያባርር ቀበሌው ይማረራል። ማገዶ የሚተካ ኃይል ማቅረብ የስካውቱ ሥራ አይደለም። ከጫካው አጠገብ ቦታ የሚሸነሽነው ማዘጋጃ ቤት ስለ ዱር እንስሳ አይጠየቅም። ሁሉም የራሱን ሥራ በትክክል ቢሠራ እንኳ፣ በሥራዎቹ መካከል ክፍተት አለ። ጫካው የሚያልቀው በዚያ ክፍተት ነው። የመሬቱ ዳር ላይ ያየነው ነገር መሥሪያ ቤቶቹ ዳር ላይም አለ።

ሕጉ የለም እንዳይባል፣ አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ጉዳት ሊያስከትል የሚችል ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት እንዲጠና ያዛል። የደን አዋጁ ቁጥር 1065/2010 ደግሞ የመንግሥት ደን ብቻ ሳይሆን የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የግል ደንም እንዳለ ያውቃል። ይህ የመጨረሻው ለትንሽ ከተማ ትልቅ በር ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይከፈትም። የከተማ ፕላኖቻችንም አንድ የታወቀ ቀመር አላቸው፦ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ።

ችግሩ ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ቀለም የተቀባው ቦታ መሬት ላይ ስሙ "ክፍት ቦታ" መሆኑ ነው። እስቲ ቃሉን አስቡት። ክፍት የተባለ ነገር የሚዘጋው ይፈልጋል። የሊዝ ገቢ ለሚያስፈልገው ከተማ፣ ባለሀብት ለሚጠብቅ ኃላፊ፣ ሰፈሩ ላይ ገበያ ለሚፈልግ ሰው "ክፍት ቦታ" ማለት ገና ያልተሰጠ ቦታ ማለት ነው። ጫካ ግን ክፍት አይደለም፤ ሥራ ላይ ነው።

ሌላም ስህተት አለ፤ የማስዋብ ስህተት። የከተማ መዝናኛ ፓርክና የተፈጥሮ ቦታ አንድ አይደሉም። መዝናኛ ፓርክ ላይ ሣር ይታጨዳል፣ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣል፣ ፏፏቴ ይሠራለታል። ልጆች ይጫወቱበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ያስፈልጋል፤ አልቃወምም። የተፈጥሮ ጫካ ግን ውበቱ ዝብርቅርቁ ነው። አንድ ትጉህ ኃላፊ መጥቶ "ይጽዳ!" ሲል፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ይመነጠራል። ያምራል። ፎቶም ይነሳል። የተመነጠረው ግን የጫካው የሚቀጥለው ትውልድ ነበር። ትልልቆቹ ሲያረጁ የሚተካቸው የለም። አንዳንዴ ከግዴለሽ ኃላፊ ይልቅ ትጉሁ ያስፈራል።

ሰውን አስወጥቶ ጫካ መጠበቅ

ነጭ ሳር ከዚህ በፊት የተሞከረበት አንድ መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት ፓርኩን ለማስተዳደር ከመንግሥት ጋር ተፈራረመ። በፓርኩ ውስጥ ግን የሚኖሩና ከብት የሚያሰማሩ የጉጂና የኮሬ ሰዎች ነበሩ። እነሱን የማስወጣቱ ነገር ብዙ ክስና ውዝግብ አስነሳ፤ ድርጅቱም እ.ኤ.አ. በ2008 ለቆ ሄደ። ከሰዎቹ ከፊሉ፣ ከብቱም፣ ጥያቄውም አብረው ቀሩ።

ከዚህ የምወስደው ነገር አለ። አጥርና ጠመንጃ ለጊዜው ይሠራሉ። በጀቱ ሲያልቅ ወይም አስተዳዳሪው ሲቀየር፣ የተባረረው ሰው የሚመለሰው ቂም ይዞ ነው። ቂም ያለው ሰው ደግሞ ለነገ አይቆጥብም።

ጋሞ ውስጥ ሌላ ልማድ ነበር፤ ዛሬም አለ። ጎሜ ይባላል። ነውር ነው፤ ክልክሉን የጣሰ ሰው መዓት ያመጣል፣ በራሱ ላይም በማኅበረሰቡም ላይ። ደጋው ላይ አንዳንድ ጥንታዊ ጫካዎች እስከ ዛሬ የቆሙት ዘበኛ ኖሯቸው ሳይሆን መቁረጣቸው ጎሜ ስለሆነ ነው። ይህን ልማድ ከተማ ላይ ቀድቶ መለጠፍ አይቻልም። ከተማ የመጣው ሰው ከየቦታው ነው፣ እምነቱም ይለያያል። ግን አንድ ነገር ያሳያል፦ ጠባቂው ጎረቤት የሆነ ጫካ በሌሊትም ይጠበቃል።

የሰሜኑም ተሞክሮ ከዚህ አይርቅም። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ሲያጠኑ፣ ከብት የሚገባበት ደን ችግኙ እንደማያድግ አሳይተዋል። ከዚያ በኋላ በየአጥቢያው ካህናቱና ምእመናኑ ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ ካብ አድርገው ደናቸውን ከበቡ። ድንጋዩ ከማሳ ሲነሳ ገበሬው ተጠቀመ፤ ካቡ ሲቆም ችግኙ ተረፈ። ካቡን የሠሩት ራሳቸው ስለሆኑ ሲፈርስም የሚጠግኑት እነሱ ናቸው።

ታዲያ ከየት ይጀመራል?

እኔ ብሆን ከወሰኑ እጀምራለሁ። ሁሉም መሥሪያ ቤት አንድ ቀን ላይ ተገናኝቶ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎችም ባሉበት፣ ዳሩን በእግር መዞር። ቢሮ ውስጥ ካርታ ዘርግቶ አይሆንም። በየተወሰነው ርቀት የሲሚንቶ ምልክት ተተክሎ ቁጥሩ ይመዝገብ። የደን ወሰን ምልክት ማፍረስ ወንጀል ነው፤ ግን ያልተተከለ ምልክት ማንም አያፈርሰውም። "እስከ እዚህ ድረስ ነው" የሚለውን ሰፈሩ በሙሉ ሲያውቀው ደላላው የሚሸጠው ነገር ያጥረዋል።

ቀጥሎ ማገዶው። ሴቶቹን ከማባረር በፊት ገዢውን ማየት ይሻላል። ዳቦ ቤቶቹና ምግብ ቤቶቹ በቁጥር ይታወቃሉ፤ ለእነሱ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ማዳረስ ሺህ ቤት ከማንኳኳት ይቀላል። ከጫካው ርቆ፣ ለማገዶ ብሎ የሚተከል ባሕር ዛፍም ነውር የለውም። ባሕር ዛፍን መራገም ለምደናል፤ ምንጭ ዳር ሲተከል ልክ ነን፣ ውኃ ይጠጣል። ራቁቱን በቀረ ኮረብታ ላይ ሲተከል ግን ሾላውን ያድናል።

ስለ ችግኝ ተከላም አንድ ነገር ልበል። ከ2011 ወዲህ አረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ሰዉን ያወጣል፤ መውጣቱ ጥሩ ነው። ብቻ ቆሞ ያለ የተፈጥሮ ጫካ መሃል ገብቶ ጉድጓድ መቆፈር አያስፈልግም። እሱ ዘሩን ራሱ ይዘራል፤ ከብት እንዳይገባበት ብቻ ነው የሚለምነው። ችግኙ ተራቁቶ በቀረው ተዳፋት ላይ፣ በኩልፎ ወንዝ ዳርና ደጋው ላይ ቢተከል ዋጋው እጥፍ ነው። ግቢ ውስጥ ደግሞ ሺፈራው አለ፤ እሱን የአርባ ምንጭ ሰዎች ራሳቸው ከማንም በላይ ያውቁበታል። ቅጠሉን እየበሉ ነው ያደጉት።

ገንዘቡስ? ኒው ዮርክ ትንሽ ከተማ አይደለችም፣ አውቃለሁ። ግን ያደረገችው ለትንሽም ይሆናል። የከተማዋ አብዛኛው የመጠጥ ውኃ የሚመጣው ካትስኪል ከሚባል ተራራማ የገጠር አካባቢ ነው። ለዚያ ውኃ የማጣሪያ ጣቢያ መሥራት በቢሊዮኖች ዶላር የሚቆጠር ወጪ ይጠይቅ ነበር። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1997 ከገጠሮቹ ጋር ተስማምታ ገንዘቡን ወደ ላይ ላከች። መሬት ገዛች፣ የገበሬዎችን የከብት ፍግ አያያዝ አስተካከለች፣ የቤቶችን የፍሳሽ ጉድጓድ አደሰች። ዛሬም አብዛኛው ውኃዋ በማጣሪያ ጣቢያ አያልፍም።

አርባ ምንጭ ላይ ይህ ምን ይመስላል? በየወሩ የውኃ ቢል ላይ ጥቂት ሳንቲም ተጨምሮ፣ "ለምንጩ" ተብሎ ለብቻው ተጽፎ፣ ግማሹ ደጋ ላይ እርከን ለሚሠራው፣ ግማሹ ጫካው ዳር ላሉ ሰፈሮች ቢውል። ሳንቲሙ ከሌላው በጀት ጋር ከተቀላቀለ ግን አትልፉ፤ ደብዛው ይጠፋል። ለብቻው ተቆጥሮ፣ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ምን እንደተሠራበት ቀበሌው ግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት።

ሥራው መሥራቱንስ በምን እናውቃለን? ከሴቻ ላይ ሆኖ ማየት አይበቃም። ትልልቆቹ ዛፎች ከላይ ሲታዩ ከሥራቸው ያለው ባዶ ቢሆንም አረንጓዴ ናቸው። ለዓመታት ሊያታልሉን ይችላሉ። መለኪያው ከታች ነው። 40 ሜትር ገመድና አራት ችካል ይዞ መግባት፣ 10 ሜትር በ10 ሜትር መከለል፣ ከጉልበት በታች ያሉትን የአገር በቀል ዛፍ ችግኞች አንድ በአንድ መቁጠር። ከዳር 20 ሜትር ላይ አንድ፣ 100 ሜትር ላይ አንድ፣ መሃል ላይ አንድ። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ እዚያው ቦታ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በግማሽ ቀን ይጨርሱታል። የወፍ ቆሎውንና ቅርፊቱ የተላጠውን ግንድም በዚያው ይመዝግቡ። የአራተኛው ዓመት ደብተር ከመጀመሪያው አጠገብ ሲቀመጥ፣ ዳሩ ወደ ውስጥ እየገባ ይሁን ወደ ውጭ እየተመለሰ ቁጥሩ ይናገራል።